የሸንገን 90 ቀን ቆጠራ አልገጥም ሲል

የሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገራት ስብስብ) ቪዛዬ ደጋግሞ መግባት ይፈቅዳል፣ ጊዜውም አላለፈም። ደንቡ በማናቸውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይቻልም ነው የሚለው። ግን ስንት ቀን እንደቀረኝ ስቆጥር በየጊዜው ሌላ ቁጥር ይወጣል። ቀናት በልቶብኝ ተፈታ፤ እናንተ እንዳትደክሙ ልጻፈው።

መጀመሪያ በወር ቆጠርኩ። 3 ወር እና 90 ቀን አንድ አይደሉም፣ ቀረ። ቀጥሎ ከጃንዋሪ 1 ጀምሬ 180 ቀን ያዝኩ። እሱም አልሠራም። 180ው ቀን ቋሚ መነሻ የለውም። ሸንገን ውስጥ ከምትሆኑበት ከእያንዳንዱ ቀን ወደ ኋላ ነው የሚቆጠረው። ከሸንገን ውጭ ወዳለችው ሰርቢያ፣ ቤልግሬድ ደረስ ብሎ መመለስም ከዜሮ አያስጀምርም። ሰርቢያ ያደራችሁበት አይቆጠርም እንጂ የበፊቱ እዛው ነው።

የሠራው ይሄ ነው። ፓስፖርቱን ገልጬ ማህተሞቹን አንድ በአንድ አየሁ። በአንድ ጥግ የአገሩ ፊደል በኮከቦች ተከቧል፣ በሌላው አውሮፕላን ወይም መኪና አለ። ዋናዋ ቀስቷ ናት፦ ወደ ውስጥ ካመለከተች መግቢያ፣ ወደ ውጭ ከሆነች መውጫ። (የደበዘዘውን በስልክ መብራት ማየት ነው።) ቀኖቹን የአውሮፓ ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ ባለው የአጭር ቆይታ ካልኩሌተር አስገባሁ። አለቀ።

የገባችሁበትም የወጣችሁበትም ቀን ይቆጠራል። ክሮኤሽያ ከ2023 ጀምሮ ሸንገን ናት፤ ሮማኒያና ቡልጋሪያም ከ2025 ወዲህ በየብስም ጭምር። አየርላንድና ቆጵሮስ ግን ውጭ ናቸው። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ማህተሙ በዲጂታል ምዝገባ መተካት ስለጀመረ የጉዞ ትኬታችሁን አትጣሉ።

ደግሞ ቪዛው ላይ የቆይታ ቀን የሚለውን እዩ። ከ90 ያነሰ ከተጻፈ የሚገዛው እሱ ነው፤ ካልኩሌተሩ ይህን አያውቅም።