ማይክ ፕሪአምፕ በአነስተኛ በጀት፦ ከዋጋው በፊት ጌይኑን ያስሉ

ከማይክሮፎን የሚወጣው ምልክት እጅግ ደካማ ነው፤ የሚለካው በሚሊቮልት ነው። ለመቀዳት እንዲበቃ የሚያጎለብተው ፕሪአምፕ ነው፤ የማጎልበቱ መጠን ጌይን ይባላል። ቤት ውስጥ በሚቀዱ ሰዎች ዘንድ ፕሪአምፑ አብዛኛውን ጊዜ ከኦዲዮ ኢንተርፌሱ (ማይኩን ከኮምፒውተር ከሚያገናኘው ሣጥን) ጋር ተገጥሞ ስለሚመጣ፣ «የትኛውን ፕሪአምፕ ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ በተግባር «የትኛውን ኢንተርፌስ ልግዛ?» ማለት ነው። መልሱም የሚጀምረው በእጅዎ ካለው ማይክ ነው።

ማይኩ ስንት ጌይን ይጠይቃል?

በማይኩ ወረቀት ላይ «ሴንሲቲቪቲ» የሚል ቁጥር አለ። የ94 ዴሲቤል ድምፅ ሲደርሰው ስንት ሚሊቮልት እንደሚያወጣ የሚናገረው እሱ ነው። ሹር ኤስኤም7ቢ 1.12 ሚሊቮልት፣ ሹር ኤስኤም58 1.85 ገደማ፣ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ2020 14 ገደማ፣ ሮድ ኤንቲ1-ኤ 25 ገደማ ያወጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዳይናሚክ (ያለ ኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠሩ)፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ኮንደንሰር (ከኢንተርፌሱ ኃይል የሚፈልጉ) ናቸው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ልብ ይበሉ፤ ለአንዱ የሚተርፈው ፕሪአምፕ ለሌላው አይበቃም።

አንድ ሜትር ላይ 64 ዴሲቤል የሆነ ተራ ንግግር፣ ማይኩ ከአፍ 10 ሴንቲሜትር ላይ ሲቀመጥ ወደ 84 ይጠጋል። 84 ከ94 በ10 ዴሲቤል ስለሚያንስ የማይኩ ቮልት ወደ ሲሶ ይወርዳል። በዚህ ሒሳብ ኤስኤም7ቢ 0.35 ሚሊቮልት ያህል ብቻ ይሰጣል፤ በዲቢዩ (0.775 ቮልትን ዜሮ ብሎ በሚነሣው የዴሲቤል መለኪያ) ሲቆጠር -67 ነው። ኤስኤም58 -62፣ ኤቲ2020 -45፣ ኤንቲ1-ኤ -40 ገደማ ይሆናሉ።

አሁን ወደ ኢንተርፌሱ ወረቀት ይሂዱና ሁለት ቁጥሮች ይፈልጉ፦ ጌይኑ ዝቅ ሲል የማይክ መግቢያው የሚችለውን ከፍተኛ ምልክትና የጌይኑን ስፋት። +9 ዲቢዩ እና 56 ዴሲቤል ተጽፎ አገኙ እንበል። ከ9 ላይ 56 ሲቀነስ -47 ይመጣል። ጌይኑ እስከ ጥግ ሲከፈት -47 ዲቢዩ የሆነ ምልክት የዲጂታሉን ጣሪያ ይነካል ማለት ነው። -67 የሚያወጣው ኤስኤም7ቢ እዚህ መሣሪያ ላይ ከጣሪያው 20 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ይቀራል። በ24 ቢት ሲቀዳ፣ ጣሪያው 0 ተብሎ፣ አማካዩ -18 አካባቢ፣ ጫፎቹ ደግሞ ከ-12 እስከ -6 ባለው መካከል ቢውሉ ጥሩ ነው። ስለዚህ ይህ ኢንተርፌስ ለኤስኤም7ቢ ለጥቂት አይደርስም፤ ተናጋሪው ድምፁ ለስላሳ ከሆነማ ጭራሽ ይጎድላል። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ሌላ 6 ዴሲቤል ይጠፋል። ኤቲ2020 ግን እዚያው መሣሪያ ላይ 36 ዴሲቤል ይበቃዋል።

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው የጌይን ስፋቱን ብቻ አንብቦ ነው። 60 ዴሲቤል የተጻፈበት፣ መግቢያው ግን +16 ዲቢዩ የሆነ መሣሪያ የሚደርሰው -44 ድረስ ነው፤ «56 ብቻ» ካለው ከላይኛው በ3 ዴሲቤል ይደክማል።

ስለ ሽሽታው

ጌይን ሲጨመር ከጀርባ «ሽሽ» የሚለው ድምፅ በወረቀት ላይ ኢአይኤን በሚባል ቁጥር ይገለጻል። ከዜሮ በታች በራቀ መጠን ጸጥ ያለ ነው። ወለሉን የወሰነው ግን አምራች ሳይሆን ፊዚክስ ነው፦ 150 ኦም የሆነ ተራ ሬዚስተር በሙቀቱ ብቻ -131 ዲቢዩ ያህል ጫጫታ ያወጣል። ጥሩ የሚባሉት ርካሽ ኢንተርፌሶች -127 እና -128 ላይ ናቸው፤ ከወለሉ ብዙም አልራቁም። -133 የሚል ማስታወቂያ ካዩ ወይ መግቢያው ሾርት ተደርጎ (ፒኖቹ በቀጥታ ተገናኝተው) ተለክቷል፣ ወይ ኤ-ዌይትድ በሚባለው ማጣሪያ አልፏል። ማጣሪያው ቁጥሩን በ2 ዴሲቤል ገደማ ያሳምረዋል። ሁለት መሣሪያ የሚያወዳድሩ ከሆነ የተለኩበት መንገድ አንድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ አለዚያ ወረቀት ከወረቀት ጋር እያወዳደሩ ነው።

ኮንደንሰር ማይክ ካለዎት ይህ ሁሉ ብዙም አያስጨንቅዎትም። ኤቲ2020 ውስጡ ያለው ሰርኪዩት የራሱን 20 ዴሲቤል ጫጫታ ያመጣል፤ ፕሪአምፑ ጋ ሲደርስ -109 ዲቢዩ ገደማ ነው። -128 የሆነው ፕሪአምፕ ከዚያ በ19 ዴሲቤል ዝቅ ስለሚል አይሰማም። በጸጥታው የታወቀው ኤንቲ1-ኤ እንኳ 5 ዴሲቤል ጫጫታው -119 ላይ ያርፋል። በኮንደንሰር ቀረጻ ላይ የሚሰማው ሽሽታ እንግዲህ የማይኩ ወይም የክፍሉ ነው። በዳይናሚክም ቢሆን ያው ክፍል ይቀድማል፦ የቤትዎ ጸጥታ 35 ዴሲቤል ከሆነ ከ84ቱ ንግግር የሚለየው 49 ብቻ ነው፣ ፕሪአምፑ ግን 61 ዴሲቤል ያህል ይርቃል። ለ-130 ፕሪአምፕ ተጨማሪ ከመክፈል ፍሪጁን ነቅሎ መቅዳት ይሻላል። ሪበን ማይክ (ምልክቱ እጅግ ደካማ የሆነ የማይክ ዓይነት) ይዘው ለስላሳ ጊታር ከርቀት የሚቀዱ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ እዚያ ላይ እያንዳንዷ ዴሲቤል ትሰማለች።

ጌይን ሲያጥር፣ ድምፅ ሲበዛ

ያለዎት ኢንተርፌስ ለዳይናሚክ ማይክዎ ካልደረሰ፣ ሙሉውን ከመቀየር በመስመር ላይ የሚሰካ ቡስተር መግዛት ይቻላል። ክላውድሊፍተር 25፣ ፌትሄድ 27 ዴሲቤል ያህል ይጨምራሉ። የሚሠሩት በ48 ቮልት ፋንተም (ኢንተርፌሱ በማይኩ ገመድ በሚልከው ኃይል) ስለሆነ ኢንተርፌሱ ላይ ፋንተሙን ማብራት ግድ ነው። መደበኛዎቹ ፋንተሙን ወደ ማይኩ ስለማያሳልፉ ኮንደንሰር ከኋላቸው ሰክተው «ማይኬ ሞተ» አይበሉ። ጌይኑ በቂ በሆነና -128 በሆነ መሣሪያ ላይ ቡስተር የሚያመጣው ለውጥ ጥቂት ነው፤ ትልቅ ለውጥ የሚሰማው ፕሪአምፑ ደካማ ሲሆን ነው።

ተቃራኒው ችግር ከበሮና የጊታር አምፕ ላይ ይመጣል። 25 ሚሊቮልት የሚሰጥ ኮንደንሰር 130 ዴሲቤል ሲደርሰው +6 ዲቢዩ ያወጣል። መግቢያው ከዜሮ ዲቢዩ በላይ የማይችል ኢንተርፌስ ይህን ምልክት ይሰብረዋል፣ ማለትም ጫፎቹን ቆርጦ ያዛባዋል፤ የተሰበረውን ደግሞ በሶፍትዌር መቀነስ አይጠግነውም። ፓድ የሚል፣ ምልክቱን የሚቀንስ ማብሪያ ያለው ማይክ ወይም ፕሪአምፕ ይምረጡ።

ገንዘብ ሊከፈልባቸው የማይገቡ ነገሮች

በመስኮት ቱቦው (የድሮ ሬዲዮ ዓይነት የቫክዩም ቱቦ) ሲበራ የሚታይ ርካሽ ፕሪአምፕ ዓይን ይስባል። አብዛኞቹ 12ኤኤክስ7 የተባለውን ቱቦ ሊሠራበት ከሚገባው ቮልት በጣም ባነሰ ያንቀሳቅሱታል። ዋናውን ጌይን የሚሰጠው ቺፕ ነው፤ ቱቦው የሚጨምረው መዛባት ነው። የሚቀያየር ኢምፒዳንስም (መግቢያው ለምልክቱ የሚያሳየው ተቃውሞ፣ በኦም) በዚህ ዋጋ ቅንጦት ነው፤ ማይኩ 150 ወይም 200 ኦም ሲሆን መግቢያው ከ1.5 እስከ 3 ኪሎኦም ከሆነ ይበቃል።

የውጭ ፕሪአምፕ ከገዙ ግንኙነቱን ይጠንቀቁ። መውጫውን በማይክ መግቢያ ከሰኩት ምልክቱ ሁለት ፕሪአምፕ ያልፋል፣ በቀላሉም ይሰበራል። ቀድሞ ለጎለበተ ምልክት የተሠራውን ላይን መግቢያ ይጠቀሙ። ቢሆንም በብዙ ርካሽ ኢንተርፌሶች ላይ የላይን መግቢያው ምልክቱን አዳክሞ በዚያው ፕሪአምፕ በኩል ነው የሚልከው፤ ለማምለጥ የከፈሉበት ፕሪአምፕ ከመንገዱ አልወጣም ማለት ነው። አነስተኛ ሚክሰር ሲገዙም የዩኤስቢ መውጫው ስንት ቻናል እንደሚልክና ስንት ቢት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ስምንት መግቢያ ኖሮት ተደባልቆ ሁለት ቻናል ብቻ የሚልክ ብዙ ነው።

የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ይፈትሹ

አንድ የኤክስ ኤል አር (ባለ ሦስት ፒን የማይክ ገመድ) ወንድ ሶኬት ወስደው በፒን 2 እና በፒን 3 መካከል 150 ኦም ሬዚስተር በሊድ ይበይዱ። ፋንተሙን አጥፍተው ይሰኩትና ጌይኑን እስከ መጨረሻ ከፍተው 10 ሰከንድ ይቅዱ። የቀረጻውን አርኤምኤስ (አማካይ ደረጃ) ያንብቡ። -80 ካሳየና ጣሪያው ቀደም እንዳሰላነው -47 ከሆነ ሁለቱ ሲደመሩ -127 ዲቢዩ ነው፤ ጤነኛ መሣሪያ ነው። አንዳንድ ፕሮግራም ሙሉ የሳይን ሞገድን 0 ሳይሆን -3 ብሎ ያነባል፤ የእርስዎ እንዲያ ከሆነ 3 ይጨምሩበት።

ያንኑ ቀረጻ በሄድፎን ያዳምጡ። እኩል የሆነ ሽሽታ የተለመደ ነው። ቀጭን ፉጨት፣ በተለይ በ1 ወይም በ8 ኪሎኸርትዝ አካባቢ፣ ከዩኤስቢው የገባ ነው፤ ሌላ ፖርትና ሌላ ገመድ ይሞክሩ። ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ሲነቅሉ የሚጠፋ የ50 ወይም የ60 ኸርትዝ ጉምጉምታ የግራውንድ ጉዳይ ስለሆነ ፕሪአምፑን አይውቀሱ።

ከዚያ የጌይን ማዞሪያውን በቀስታ ከዳር እስከ ዳር ያዙሩ። ርካሽ ፖቴንሺዮሜትር የመጨረሻውን 15 ዴሲቤል በጣም ጠባብ ዙር ውስጥ ያጭቀዋል፤ ለዳይናሚክ ማይክ ልክ የሚፈልጉት ቦታ ያ ስለሆነ በየቀኑ ያበሳጫል። ያገለገለ ዕቃ ላይ ሲዞር «ኩርርር» ካለ አቧራ ሊሆን ይችላል፤ በኮንታክት ማጽጃ ካልለቀቀ ግን መቀየር ይፈልጋል።

ለፋንተሙ መልቲሜትር ይያዙ። ከፒን 1 እስከ ፒን 2፣ ከዚያም ከፒን 1 እስከ ፒን 3 ይለኩ። ምንም ሳይሰካ ከ44 እስከ 52 ቮልት መሆን አለበት፤ ሁለቱም ንባብ እኩል ሊሆን ይገባል። በጣም ርካሾቹ «ፋንተም» ተጽፎባቸው 48 ቮልት አካባቢ እንኳ የማይደርሱ ይገኙባቸዋል። ቮልቱ ልክ ከሆነ መልቲሜትሩን ወደ ሚሊአምፔር ቀይረው በፒን 1 እና 2 መካከል ያድርጉት። በ6.8 ኪሎኦም ሬዚስተር በኩል ስለሚመጣ 7 ሚሊአምፔር ገደማ ማንበብ አለበት። ከዚያ እጅግ ያነሰ ከሆነ በሁሉም ቻናል ላይ ኮንደንሰር ሲሰካ ቮልቱ ይወርዳል፣ ድምፁም ከፍ ባለ ቦታ ላይ ይሰበራል። ሲሰኩና ሲነቅሉ ፋንተሙን ያጥፉ፣ ስፒከሩንም ዝም ያሰኙ፤ ከጠፋ በኋላም ቮልቱ እስኪወርድ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይታገሡ።