የጊታሩን አንገት አንቃችሁ አትያዙ

ባሕር ዳር ውስጥ ኤሌክትሪክ ጊታር ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል፤ ተማሪው ይለዋወጣል፣ ስህተቱ ግን ያው ነው። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ «ጋሼ፣ እጄ ተኮማተረ» ብሎ አውራ ጣቱን ሲያሽ ሳይ ይህን ለመጻፍ ወሰንሁ።

ልጁ የጊታሩን አንገት አንቆ ነበር የያዘው። አውራ ጣት ከኋላ፣ አራቱ ጣቶች ከፊት ሆነው እንጨቱን እንደ ጉጠት ይጨምቁታል። ብዙ ተማሪዎች እንዲህ ናቸው፤ ድምፁ አልጠራ ሲል ይበልጥ ይጨምቃሉ። ሲደክማቸው ደግሞ «እጄ ገና አልጠነከረም» ብለው ያንኑ ግፊት ቤት ውስጥ ለሰዓታት ይለማመዱታል። ስንቴ ልናገር! የኤሌክትሪክ ጊታር ቀጭኗ ክር ብዙ ጊዜ ውፍረቷ 0.009 ወይም 0.010 ኢንች ብቻ ነው፤ እርሷን ለመጫን ጉልበት አያስፈልግም። ከመጠን በላይ መጫን ደግሞ እጅን ከማድከም አልፎ ዜማውን ያበላሻል። ክሩ ወደ እንጨቱ በጎበጠ ቁጥር ይወጠርና ድምፁ ከቅኝቱ ከፍ ይላል። ትዝታ አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ አንዷ ከፍ ብላ ከወጣች መሸሸጊያ የላትም። «ጊታሩን በመሣሪያ ቃኝቼዋለሁ፣ ለምን አይጥምም?» ብለው የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ ቅኝቱን የሚያፈርሱት በገዛ ጣታቸው ነው።

እንዲህ አድርጋችሁ ሞክሩት። ጣታችሁን ሳትጫኑ ክሩ ላይ አሳርፉና ምቱ፤ የታፈነ ድምፅ ይሰማል። እየመታችሁ ጫናውን ጥቂት በጥቂት ጨምሩ። ድምፁ እንደጠራ አቁሙ፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው። ቀጥሎ የጊታሩን አካል በቀኝ ክንዳችሁ ወደ ደረታችሁ ደገፍ አድርጉና አውራ ጣታችሁን ከአንገቱ አላቅቃችሁ ያንኑ ድምፅ አውጡ። ይወጣል።

ከመሰንቆ የሚመጡ ልጆች ይህን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። በመሰንቆ ክሩ እስከ እንጨቱ አይጫንም፤ ጣት ነካ ብቻ ያደርገዋል። ከአዝማሪ ቤተሰብ የመጣ አንድ ተማሪዬ ገና በመጀመሪያው ቀን እጁ ልስልስ ነበር። የእርሱ ችግር ሌላ ነው፦ ጣቱን ከሁለት ፍሬቶች፣ ማለትም አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች፣ መሃል ስለሚያሳርፍ ክሩ ፍሬቱን እየነካካ ይጮህበታል። «ጣትህን ከብረቱ ኋላ፣ በጣም ጠጋ አድርገህ አሳርፍ፤ ብረቱ ላይ ግን አትውጣ» አልሁት። በሳምንቱ ሲመጣ ድምፁ ጠርቶ ነበር። እስካሁን ሳስታውሰው ደስ ይለኛል።

ማንገቻን አስረዝሞ ጊታሩን ጭን ላይ ማንጠልጠል እኔንም የጎዳኝ ስህተት ነው። በወጣትነቴ ጣና ዳር ባለ አንድ አዳራሽ ሠርግ ስንጫወት እስክስታው በደራበት ሰዓት አመልካች ጣቴ ደነዘዘ፤ ባር ኮርድ፣ ማለትም አመልካች ጣትን በክሮቹ ላይ አጋድሞ ብዙ ድምፅ በአንዴ መያዝ፣ አቃተኝ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ሸፈነልኝ እንጂ ዘፈኑ ይቋረጥ ነበር። ጊታሩ ዝቅ ባለ ቁጥር ጣቶች ክሩ ላይ ለመድረስ የእጅ አንጓ ይታጠፋል። ለአውራ፣ ለአመልካችና ለመሃል ጣት ስሜት የሚሰጠው ነርቭ የሚያልፈው በአንጓው ውስጥ ባለ ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ አንጓው ታጥፎ ሲቆይ ነርቩ ይጨነቃል። ስለዚህ መደገፊያ በሌለው በርጩማ ላይ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ጊታሩን አመቻቹ፣ ማንገቻውን በዚያ ልክ አሳጥሩ፣ ከዚያ ተነሡ። ስትነሡ ጊታሩ ዝቅ ካለ ማንገቻው ገና ረጅም ነው። አልጋ ላይ ተጋድሞ ተለማምዶ መድረክ ላይ ቆሞ የሚጫወት ሰው እጁ ሌላ መሣሪያ የያዘ ያህል ግራ ይጋባል።

ግራ እጃችሁን ስታነሡ አንገቱ ወደ ታች ከወደቀ እስካሁን የተሸከመው እጃችሁ ነበር ማለት ነው። ውስጡ ሻካራ የሆነ ሰፊ የቆዳ ማንገቻ ይይዘዋል።

ፍሬቶቹን ለማየት አትጉበጡ፤ በአንገቱ ጎን በ3፣ በ5፣ በ7፣ በ9 እና በ12 ላይ ያሉት ነጥቦች የተቀመጡት ለዚህ ነው። የግራ እጅ ጥፍር ይቆረጥ።

«አውራ ጣት ሁልጊዜ ከአንገቱ ኋላ መሃል ላይ» የሚለውን ሕግ ግን አታክርሩት። ክር ስትስቡ ወይም ድምፁን ስታርገበግቡ አውራ ጣት በአንገቱ አናት ላይ ቢጠመለል ትክክል ነው፤ ጉልበቱ ከጣት ሳይሆን ከክንድ መዞር ይመጣል። ዝነኛው አሜሪካዊ ጊታር ተጫዋች ጂሚ ሄንድሪክስ የወፍራሙን ክር ድምፅ በአውራ ጣቱ ይይዝ ነበር። ነውሩ አውራ ጣት ከላይ መውጣቱ ሳይሆን ሲጨምቅ መዋሉ ነው።

የጣት ጫፍ መቁሰል በሳምንታት ውስጥ ቆዳው ሲጠነክር ይቀራል። የአንጓ ሕመምና የጣት መደንዘዝ ግን አይለመድም፤ ጊታሩን አስቀምጡ፣ ካልተወም ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

በክረምት አንድ ነገር ተጠንቀቁ። እንጨት እርጥበት ይስባል፣ የጊታሩ አንገት ሊጎብጥና ክሩ ከፍሬቱ ሊርቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ቀላል እጅ እንኳ ለመጨመቅ ይገደዳል። በ12ኛው ፍሬት ላይ የክሩ ከፍታ ከ2 ሚሊሜትር ብዙ ከበለጠ ለሚያውቅ ሰው ሰጥታችሁ አስተካክሉት። የቅዳሜውን ልጅ ጊታር ዘግይቼ ስለካው ከ3 ሚሊሜትር በላይ ነበር። አውራ ጣቱን ከመቆጣቴ በፊት ይህን ማየት ነበረብኝ፤ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።