የስበት ስሌትና ልኬት ሲሳሳቱ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ ፊዚክስ የሚማር ተማሪ በዚህ ርዕስ ላይ የሚሠራቸው ስህተቶች በአብዛኛው ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው፤ ይኸውም ቦታ ሲለወጥ የማይለወጠውን ግዝፈት፣ መሬት ያንን ቁስ ከምትስብበት ጉልበት ለይቶ አለማየት ነው።

ችግር፦ መልሱ ከትክክለኛው በአሥር እጥፍ ገደማ ያንሳል። አንድ ኩንታል ጤፍ የተንጠለጠለበት ገመድ የተሸከመው ጉልበት «100 ኒውተን» ተብሎ ይጻፋል።
ምክንያት፦ የግዝፈት መለኪያ የሆነው ኪሎግራም እንደ ጉልበት ተወስዷል።
መፍትሄ፦ ግዝፈቱን በስበት ፍጥንጥነት (የሚወድቅ ነገር ፍጥነት በየሰከንዱ የሚጨምርበት መጠን፤ በባሕር ዳር 9.78 ገደማ) ማባዛት ነው፤ 100 ሲባዛ በ9.78፣ 978 ኒውተን ይሆናል።

ችግር፦ ከባዱ ድንጋይ ከቀላሉ ቀድሞ ይወድቃል የሚል መልስ ይወጣል።
ምክንያት፦ ከባዱን የሚስበው ጉልበት መብለጡ ታስቦ፣ እሱን ለማፋጠን የሚያስፈልገው ጉልበትም በዚያው ልክ መብለጡ ተዘንግቷል።
መፍትሄ፦ ጉልበቱን ለግዝፈቱ ማካፈል ነው። ለ2 ኪሎግራም ድንጋይ 19.56 ኒውተን፣ ለ6 ኪሎግራም ድንጋይ 58.68 ኒውተን ሲካፈል ሁለቱም 9.78 ይሰጣሉ። ላባን የሚያዘገየው አየር ነው፤ አየር በሌለባት ጨረቃ ላይ የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት በ1971 እ.ኤ.አ. መዶሻና ላባ በአንድ ጊዜ ለቅቆ እኩል መውደቃቸውን አሳይቷል።

ችግር፦ በሌላ አገር የተስተካከለ የስፕሪንግ ሚዛን ባሕር ዳር ላይ 100 ኪሎግራሙን ጤፍ 99.7 ያህል አድርጎ ያነባል።
ምክንያት፦ ስፕሪንጉ የሚለካው ጉልበትን ነው፤ ከተማዋ ለምድር ወገብ ቅርብ ስትሆን ከፍታዋም 1800 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ስበቱ መጽሐፍ ላይ ከተለመደው 9.81 ዝቅ ብሎ ወደ 9.78 ይጠጋል። ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጣ ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል።
መፍትሄ፦ ሚዛኑን በሚሠራበት ቦታ፣ ግዝፈቱ በታወቀ የሚዛን ድንጋይ ማስተካከል ነው። ሁለት ክንድ ያለው ሚዛን ግን በሁለቱም ወገን ያለው ስበት እኩል ስለሚለዋወጥ ይህ ችግር አይነካውም።

ችግር፦ በፔንዱለም (በክር ተንጠልጥሎ በሚወዛወዝ ድንጋይ) የተለካው የስበት ፍጥንጥነት 9.5 ወይም 12 ይሆናል።
ምክንያት፦ ይህን በቦታው ከፍታ ማሳበብ አይገባም፤ ከፍታና ኬክሮስ ተደምረው በጎጃም የሚያመጡት ልዩነት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ውጤቱ 9.5 ከሆነ በአብዛኛው ክሩ የተለካው እስከ ድንጋዩ አናት ብቻ ነው፤ ትክክለኛው ርዝመት 1 ሜትር ሆኖ ሳለ 97 ሳንቲሜትር ተብሎ ቢመዘገብ 9.49 ይወጣል። ውጤቱ 12 ከሆነ ደግሞ ሰዓቱ ሲነሳ «አንድ» ተብሎ መቆጠር ስለተጀመረ፣ ዘጠኝ ምልልስ እንደ አሥር ተወስዷል፤ የምልልሱ ጊዜ በስሌቱ ውስጥ በራሱ ስለሚባዛ ትንሿ ስህተት ትገዝፋለች።
መፍትሄ፦ ርዝመቱን ክሩ ከታሰረበት ነጥብ እስከ ድንጋዩ መካከል መለካት፣ ከ10 ዲግሪ በላይ አለማወዛወዝ፣ ቆጠራውን ከ«ዜሮ» መጀመርና 50 ምልልስ መቁጠር ያስፈልጋል። ባሕር ዳር ላይ 1 ሜትር ርዝመት ያለው ፔንዱለም ይህን በ100.5 ሰከንድ ገደማ ይፈጽማል።