አሮጌው አይቡክ የሊኑክስ ሲዲ አልቀበል ሲል

አክስቴ ከሜሪላንድ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ አንድ ነጭ አይቡክ ጂ4 (የአፕል ላፕቶፕ) ይዛ መጣች፤ የ2005 ሥሪት፣ 12 ኢንች፣ 512 ሜጋባይት ራም ያለው። «ለልጆቹ መጻፊያ ይሁን» አለችኝ። ሰፈር ያለ ጠጋኝ ዘንድ ብወስደው «ሲዲ አይቀበልም፣ ሞቷል» ብሎ መለሰልኝ። አልሞተም ነበር። ሦስት ምሽት ግን ፈጀብኝ።

የመጀመሪያው ምሽት በተሳሳተ ሲዲ አለቀ። ለሌላው ላፕቶፕ ሁሉ የምጠቀምበትን የዴቢያን (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) ሲዲ ከተትኩ፤ ጥያቄ ምልክት ያለበት ፎልደር ብልጭ ድርግም ከማለት በቀር ምንም የለም። አፕል ወደ ኢንቴል መሻገር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ በፊት የወጡት እንደዚህ አይቡክ ያሉ ማኮች (የአፕል ኮምፒውተሮች) ፕሮሰሰራቸው ፓወርፒሲ ስለሆነ ለኢንቴል የተዘጋጀ ሲዲ ፈጽሞ አይገባቸውም። ስለዚህ ከማውረዳችሁ በፊት በፋይሉ ስም ላይ «ፓወርፒሲ» የሚለውን ፈልጉ። ይህን ፕሮሰሰር በይፋ የደገፈው የመጨረሻው ዴቢያን 8ኛው ነው፤ በ2017 የወጣው 9ኛው ትቶታል። 8ኛው አሁን የሚገኘው በዴቢያን መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ከኢንተርኔት እየሳበ የሚጭነውን ትንሹን ሳይሆን ሙሉውን የመጀመሪያ ሲዲ አውርዱ። የእኛ መስመር መሃል ላይ ቢቋረጥም መጫኑ አይቆምም።

ሁለተኛው ምሽት የዲስኩ ነበር። ተሰርዞ በሚጻፍበት ሲዲ ላይ አቃጥዬ ስሰጠው አሽከርክሮ አሽከርክሮ ተፋው። የሃያ ዓመት ሌንስ ደካማ ነው። አንዴ ብቻ የሚጻፍበት ሲዲ ግዙ፣ ፕሮግራሙ በሚፈቅደው ዝቅተኛ ፍጥነት አቃጥሉ፤ ከዚያ በፊት ግን የወረደውን ፋይል የማረጋገጫ ቁጥር ዴቢያን ካወጣው ጋር አመሳክሩ። እኔ በዚህ ነው የተገላገልኩት።

አሁን ማስነሳት። ማሽኑን አብርታችሁ ድምፁን እንደሰማችሁ የ«ሲ»ን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ፤ ጽሑፍ እስኪመጣ አትልቀቁ። እምቢ ካለ አጥፍታችሁ አብሩና ኮማንድ፣ ኦፕሽን፣ «ኦ» እና «ኤፍ»ን አንድ ላይ ያዙ። ኦፕን ፈርምዌር የሚባል ነጭ ገጽ ይመጣል። በእንግሊዝኛ ፊደል እንዲህ ጻፉ፦ ቡት፣ ክፍት ቦታ፣ ሲዲ፣ ሁለት ነጥብ፣ ኮማ፣ ወደ ኋላ ያዘነበለ ሰረዝ ሁለት ጊዜ፣ እንደገና ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ቲ-ቢ-ኤክስ-አይ። ኮማዋን ብትረሱ አይነሳም፤ እኔ አራት ጊዜ ረስቻታለሁ። ሲዲው ውስጥ ተይዞ ከቀረ ደግሞ እዚያው «ኢጀክት ሲዲ» ብላችሁ ጻፉ፣ ይወጣል።

ሲዲው ሲነሳ «ቡት» ብሎ ትእዛዝ ይጠብቃል። «ኢንስቶል» ብላችሁ ግቡ። ስክሪኑ ጠቁሮ ከቀረ መልሳችሁ አስነሱና ከ«ኢንስቶል» ቀጥሎ ክፍት ቦታ ትታችሁ «ቪዲዮ»፣ የእኩል ይሆናል ምልክት እና «ኦፍኦንሊ»ን እርስ በርስ ያለ ክፍተት አያይዛችሁ ጨምሩ። የእኔን ያዳነው ይህ ነው። ቀሪው እንደማንኛውም ላፕቶፕ ነው።

ዋይፋዩ ወዲያው አይሠራም፤ የብሮድኮም ካርዱ ለብቻው የሚጫን ፈርምዌር (ካርዱን የሚያሠራ ፕሮግራም) ይፈልጋልና የኔትወርክ ገመድ አዘጋጁ። ዴቢያን 8 የደኅንነት ማሻሻያ ስለማይደርሰው የባንክ ሥራ አትሥሩበት። የአቢሲኒካን ፎንት በፍላሽ አምጥቼ ጨመርኩበት፤ ልጆቹ የቤት ሥራቸውን በአማርኛ ይጽፉበታል።