ጂዲቢ «ኢንኮምፕሊት ታይፕ» ሲል ወይም ማተሙን አላቆም ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በሲ ወይም በሲፕላስፕላስ የተጻፈ ፕሮግራም ጂዲቢ በሚባለው ዲበገር (የፕሮግራም ስህተት መፈለጊያ) ውስጥ አቁማችሁ ፖይንተሩን ስትከፍቱ፣ በዳታው ፈንታ «ኢንኮምፕሊት ታይፕ» የሚል ቃል ብቻ ይወጣል። ብዙ ሰው ዲበገሩ ተበላሽቷል ብሎ ስሪት ወደ መቀየር ይሮጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጂዲቢ ያለውን ነው የሚናገረው፤ የዓይነቱ ሙሉ ፍቺ እጁ ላይ የለም። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሙሉ ፍቺው የትኛው የምንጭ ፋይል ውስጥ እንዳለና ያ ፋይል ከነዲበግ መረጃው ኮምፓይል መደረግ አለመደረጉ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፓይለሩ «-ጂ» ሲሰጠው ድዋርፍ የሚባለውን የዲበግ መረጃ ለእያንዳንዱ የምንጭ ፋይል ለየብቻው ያመርታል። አንዱ ፋይል «ስትራክት ሴሽን» የሚለውን ስም ብቻ ከሄደር (ፋይሎች ከሚጋሩት የማወጃ ፋይል) አይቶ ፖይንተሩን ይዞ ከሄደ፣ ድዋርፉ ውስጥ የሚገባው ስሙና «ዲክላሬሽን» የሚል ምልክት ብቻ ነው፤ መጠንም አባላትም የሉትም። ጂዲቢ እንዲህ ያለ ባዶ ስም ሲያገኝ ሙሉውን ፍቺ ከሌሎቹ ፋይሎችና ከተጫኑት ላይብረሪዎች በስሙ ይፈልጋል። ካጣ ያንን መልእክት ያወጣል።

(ትእዛዞቹና መልእክቶቹ እዚህ በአነባበባቸው ተጽፈዋል፤ ተርሚናል ላይ የሚገቡት በላቲን ፊደል ነው።)

የሚመሳሰሉ መልእክቶችን መለየት

«ፒታይፕ ስትራክት ሴሽን» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ኢንኮምፕሊት ታይፕ» ከሆነ ስሙ ይታወቃል፣ ፍቺው ግን የለም። «ኖ ዳታ ፊልድስ» ካለ ዓይነቱ በእርግጥ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ በሲፕላስፕላስ አባል የሌለው ክላስ የተለመደ ነው። «ኖ ስትራክት ታይፕ ኔምድ ሴሽን» ማለት ስሙም አልተገኘም ማለት ነው። ይህ ሲሆን በአብዛኛው የስም ስህተት ነው፤ ለምሳሌ በታይፕዴፍ ብቻ የሚታወቀውን ዓይነት «ስትራክት» ብላችሁ ጠርታችሁት ይሆናል።

«ሃዝ አንኖውን ታይፕ» ብሎ ካስት አድርጉ (ዓይነቱን ራሳችሁ ንገሩኝ) የሚላችሁ ተለዋዋጩ ያለበት ፋይል የዲበግ መረጃ ጨርሶ ስለሌለው ነው። ዓይነቱ ሌላ ቦታ የሚታወቅ ከሆነ አድራሻውን ወስዳችሁ «ፕሪንት *(ስትራክት ሴሽን *)&ስሙ» ማለት ይበቃል።

«ድዋርፍ ኤረር፦ ሮንግ ቨርዥን» ብሎ ስሪት 5 አገኘሁ፣ የጠበቅሁት ግን 2፣ 3 ወይም 4 ነው ካለ፣ የፋይሉ መረጃ እንዳለ አልተነበበም። ከኮምፓይለሮቹ ጂሲሲ ከስሪት 11፣ ክላንግ ደግሞ ከስሪት 14 ጀምሮ ድዋርፍ 5ን በነባሪነት ያመርታሉ። ጂዲቢን አሳድጉ፤ ካልተቻለ ፕሮግራሙን በ«-ጂድዋርፍ-4» እንደገና ኮምፓይል አድርጉ። በዚህ ሁኔታ ላይ እያላችሁ የቀረውን የዚህን መመሪያ ክፍል መሞከር ድካም ብቻ ነው።

«ኢንኮምፕሊት ታይፕ»፦ ፍቺው የት ሄደ?

ፍቺው ፋይሉ ውስጥ መኖሩን ከጂዲቢ ውጭ አረጋግጡ። «ኤልኤልቪኤም-ድዋርፍደምፕ --ኔም=ሴሽን --ሾው-ችልድረን» ብላችሁ የፕሮግራሙን ፋይል ስጡት። የሚወጡት መዝገቦች በሙሉ የ«ዲክላሬሽን» ምልክት ካላቸው ፍቺው እዚያ የለም። «ባይት ሳይዝ» ያለውና ከሥሩ አባላት የተዘረዘሩለት አንድ እንኳ ከተገኘ ፍቺው አለ፤ ችግሩ ጂዲቢ ያንን አለማግኘቱ ነው። ፕሮግራሙ የሚጠቀምባቸውን ላይብረሪዎችም አንድ በአንድ እንዲሁ ፈትሹ።

ፍቺው እያለ ጂዲቢ ካላገኘው «ሾው ኦፔክ-ታይፕ-ሪዞሉሽን» በሉ። በነባሪ «ኦን» ነው። የሆነ ሰው የጅማሬ ፋይሉ ውስጥ ዘግቶት ከሆነ መልሳችሁ ክፈቱት። ቅንብሩ የሚሠራው ከዚያ በኋላ በሚጫኑ ሲምቦሎች ላይ ስለሆነ ፕሮግራሙን እንደገና መጫን ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ከፍቶት «አልሠራም» የሚለው ይህንን ስለሚዘል ነው።

ፍቺው ከሌለ መንስኤው ከሚከተሉት አንዱ ነው።

በጣም የተለመደው ላይብረሪው ያለ ዲበግ መረጃ መምጣቱ ነው። «ኢንፎ ሼርድላይብረሪ» ስትሉ ከ«የስ» ጎን ኮከብ ያለበት ላይብረሪ የዲበግ መረጃ የለውም። ኤስኪውላይት የዳታቤዝ መያዣውን፣ ኦፕንኤስኤስኤል ደግሞ ከ1.1.0 ወዲህ አብዛኞቹን ስትራክቶቹን ሆን ብለው ከሄደሮቻቸው ደብቀዋል። ተጠቃሚው ፖይንተሩን እንጂ ውስጡን እንዳያይ የተደረገ ስለሆነ ከእናንተ ኮድ ውስጥ ፍቺውን ብትፈልጉት አይገኝም። መፍትሄው የዚያኑ ስሪት የዲበግ ሲምቦል ፓኬጅ መጫን ነው። ዲበግኢንፎዲ (የዲበግ መረጃን በኢንተርኔት የሚያቀርብ አገልግሎት) ያለበት የሊኑክስ ስርጭት ላይ ከሆናችሁ «ሴት ዲበግኢንፎዲ ኢነብልድ ኦን» ማለት ይበቃል፤ ጂዲቢ የፋይሉን የቢልድ መለያ ይዞ ትክክለኛውን ያወርዳል። ፋይሎቹ ግን ከባድ ናቸው፤ በሞባይል ዳታ ላይ ካላችሁ የሚያስፈልጋችሁን ፓኬጅ ብቻ ለይታችሁ መጫኑ ይሻላል።

ሁለተኛው የክላንግ ቁጠባ ነው። ክላንግ ሊኑክስ ላይ የአንድን ክላስ ሙሉ ፍቺ በየፋይሉ አይደግምም፤ አንድ ቦታ ብቻ ያስቀምጠዋል። ቨርችዋል ፈንክሽኖች ያሉት ክላስ ከሆነ ቪቴብሉ (የቨርችዋል ፈንክሽኖቹ አድራሻ ሠንጠረዥ) የሚመረትበት ፋይል ውስጥ፣ በሌሎች ብዙ ክላሶች ደግሞ ኮንስትራክተሩ ያለበት ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል። ያ አንድ ፋይል ያለ «-ጂ» ከተሠራ ክላሱ በሁሉም ቦታ ጎዶሎ ይሆናል። «ኤስቲዲ ስትሪንግ» በክላንግ ሲሠራ ብዙ ጊዜ የማይከፈተውም በዚሁ ነው፤ ፍቺውን የሲፕላስፕላስ መደበኛ ላይብረሪ የሆነው ሊብኤስቲዲሲፕላስፕላስ ይዞታል ብሎ ይተወዋል፣ የዚያ ላይብረሪ ዲበግ መረጃ ደግሞ ማሽኑ ላይ የለም። «-ኤፍስታንድአሎን-ዲበግ» ጨምራችሁ እንደገና ኮምፓይል ስታደርጉ እያንዳንዱ ፋይል የሚጠቀምበትን ዓይነት ሙሉ አድርጎ ይይዛል። ዋጋው የኦብጀክት ፋይሎች መተለቅና የሊንክ መዘግየት ነው። ስለዚህ ለፕሮጀክቱ በሙሉ ከማብራታችሁ በፊት ለአንድ ሁለት ፋይል ሞክሩት። ማክ ላይ ክላንግ ይህንን በነባሪ ያበራዋል፤ አንዱ ባልደረባ ማክ ላይ የሚያየውን ሌላው ሊኑክስ ላይ የሚያጣው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ሦስተኛው የተከፈለ ድዋርፍ ነው። «-ጂስፕሊት-ድዋርፍ» ካለ የዓይነቶቹ መረጃ የሚቀመጠው በፕሮግራሙ ውስጥ ሳይሆን ጎን ለጎን በሚፈጠሩ «ዲደብሊውኦ» ፋይሎች ውስጥ ነው። ፕሮግራሙን ወደ ሌላ ማሽን ገልብጣችሁ እነሱን ከተዋችኋቸው፣ ወይም የቢልድ ማውጫውን ካጸዳችሁ፣ ጂዲቢ ሲጀምር ዲደብሊውኦ አላገኘሁም ብሎ ያስጠነቅቃል። ያ ማስጠንቀቂያ ከላይ ስለሚያልፍ ሰው አያየውም። ፋይሎቹን በ«ዲደብሊውፒ» መሣሪያ አንድ ላይ ጠቅልላችሁ ከፕሮግራሙ ጎን አስቀምጡ።

እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ካልተቻለስ? የወደቀ ፕሮግራም ኮር ፋይል (ሲወድቅ የነበረው ሜሞሪ ቅጂ) ብቻ ከተሰጣችሁ፣ የስትራክቱ ፍቺ ያለበት የምንጭ ኮድ ግን እጃችሁ ላይ ካለ፣ ይህ ያድናል፦

1. ሄደሩን የሚያስገባና የዚያ ዓይነት አንድ ተለዋዋጭ የሚያውጅ «ታይፕስ.ሲ» የሚባል ትንሽ የሲ ፋይል ጻፉ። ተለዋዋጩን አትዝለሉት፤ ማንም ያልተጠቀመበትን ዓይነት ጂሲሲ ከዲበግ መረጃው ያስወጣዋል።
2. በ«-ጂ -ሲ» ኮምፓይል አድርጉ።
3. ጂዲቢ ውስጥ «አድ-ሲምቦል-ፋይል ታይፕስ.ኦ 0» በሉ። አዳዲስ ስሪቶች ላይ 0ው ባይጻፍም ይሠራል።
4. «ፕሪንት *(ስትራክት ሴሽን *)ፒ» ብላችሁ ክፈቱ።

አንድ አደጋ አለው። ኮምፓይል ያደረጋችሁበት ማክሮ፣ የ32 ወይም የ64 ቢት ምርጫ ወይም የአሰላለፍ መመሪያ ከመጀመሪያው ቢልድ ከተለየ፣ ጂዲቢ ምንም ሳያስጠነቅቅ የተሳሳተ ቁጥር ያሳያችኋል። «ፒታይፕ/ኦ ስትራክት ሴሽን» የእያንዳንዱን አባል ርቀትና መጠን ይዘረዝራል፤ ዋጋውን አስቀድማችሁ የምታውቁትን አንድ አባል፣ ለምሳሌ የስሪት ቁጥር ወይም ጽሑፍ፣ ከዚያ ጋር አመሳክሩ።

ዓይነቱ ይከፈታል፣ አባላቱ ግን የሌላ ናቸው

ይህ ከጎዶሎው ይብሳል፤ ስህተት መሆኑን የሚነግራችሁ የለም። በሲ ሁለት ፋይሎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው «ስትራክት ኖድ» ሊኖራቸው ይፈቀዳል። ጂዲቢ ባዶውን ስም በስም ብቻ ሲፈታ ከሁለቱ አንዱን ያነሳል። አባላቱ የማታውቋቸው ከሆኑ ወይም ቁጥሮቹ ትርጉም ካጡ ይህንን ጠርጥሩ።

ጂዲቢ ስም ሲፈልግ የሚጀምረው ከተመረጠው ፍሬም (በጥሪዎቹ ሰንሰለት ውስጥ ከተመረጠው ፈንክሽን) ፋይል ነው። ስለዚህ «ሴት $ፒ = ፒ» ብላችሁ አድራሻውን ያዙ፤ በ«አፕ» ትክክለኛው ፍቺ ወዳለበት ፋይል ፍሬም ውጡ፤ ከዚያ «ፕሪንት *(ስትራክት ኖድ *)$ፒ» በሉ። ዘላቂው መፍትሄ ግን አንዱን ስም መቀየር ነው።

ርዝመቱ ያልታወቀ አሬይም የጎዶሎ ዓይነት ዘመድ ነው፤ ቶሎ ይታለፋል። በስትራክት መጨረሻ ላይ ላለው ባዶ አሬይ «ፕሪንት ፒ->ዳታ[0]@ፒ->ሌን» ማለት ይበቃል።

ማተሙን አላቆም ሲል

ራሱን የሚጠቅስ ዓይነት፣ ለምሳሌ «ኔክስት» የሚል የራሱን ዓይነት ፖይንተር የያዘ ኖድ፣ በራሱ ጂዲቢን አያስቸግርም። «ፕሪንት *ሄድ» ስትሉ የ«ኔክስት»ን አድራሻ አትሞ ያቆማል፤ ፖይንተር ተከትሎ አይገባም። ሰንሰለቱን መከተል ከፈለጋችሁ «ፒ *$.ኔክስት» ብላችሁ ከዚያ ኢንተርን ደጋግሙ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ስለዚህ ማያ ገጹ በጽሑፍ ከተጥለቀለቀ ወይም ፓይተን «ማክሲመም ሪከርዥን ዴፕዝ» ብሎ ከወደቀ፣ ጥፋተኛው አንድ ሰው የጻፈው ፕሪቲ-ፕሪንተር (ዋጋን በሚነበብ መልክ የሚያሳይ የፓይተን ኮድ) ነው። «ዲሴብል ፕሪቲ-ፕሪንተር» ብላችሁ ደግማችሁ አትሙ፤ ከቆመ ተገኘ ማለት ነው። ለጊዜው «ፕሪንት/አር» ያለ ፕሪንተር ጥሬውን ያሳያል።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ የጥልቀት ገደቡን በ«ሴት ፕሪንት ማክስ-ዴፕዝ» ያወርዳል፤ ነባሪው 20 ነው። ሆኖም አይረዳም፣ ምክንያቱም ፕሪንተሩ «ቱ_ስትሪንግ» ውስጥ «ኔክስት»ን ተከትሎ ወደ ጽሑፍ ሲቀይር እያንዳንዱ ጥሪ ጥልቀቱን ከዜሮ ይጀምራል። ገደቡ የሚሠራው «ችልድረን» በሚባለው ዘዴ ለሚሰጡ አባላት ነው። ፕሪንተሩን እንዲህ አስተካክሉት፦ «ቱ_ስትሪንግ» አጭር ርዕስ ብቻ ይመልስ፤ «ችልድረን» ደግሞ ሰንሰለቱን በሉፕ እየተከተለ አንድ በአንድ በ«ዪልድ» ይስጥ። ያለፈበትን አድራሻ በቁጥር መልክ በፓይተን «ሴት» (ድግግሞሽ በማይቀበል ስብስብ) ውስጥ ይያዝ፤ የተደገመ ካገኘ ይቁም። ጂዲቢ ከ«ፕሪንት ኤለመንትስ» ገደብ፣ ማለትም በነባሪ ከ200፣ በላይ አባል አይወስድም። ሙሉ ሊስት ሠርታችሁ ከመለሳችሁ ግን ገደቡ ከመድረሱ በፊት ክብ በሆነው ሰንሰለት ውስጥ ቀርታችኋል።

የዓይነቱን አባላት እየተከተለ የሚወርድ ስክሪፕትም በዚሁ ወጥመድ ይወድቃል። ያለፈበትን ዓይነት በስሙ መመዝገብ ይበቃዋል። ስም የሌለው ስትራክት ራሱን በስም ሊጠቅስ ስለማይችል ሳይመዘገብ ቢገባበት ችግር የለም።

የራሳችሁን ድዋርፍ አንባቢ ስትጽፉ

ምልክቱ፦ መሣሪያው በትንሽ ፕሮግራም ላይ ይሠራል፣ ሊንክድ ሊስት ያለበት ሲመጣ ስታኩን ጨርሶ ይወድቃል። ድዋርፍ ውስጥ ኖዱ ወደ አባሉ፣ አባሉ ወደ ፖይንተር ዓይነት፣ ፖይንተሩ ተመልሶ ወደ ኖዱ ይጠቁማል። አባላቱን አንብቦ ከጨረሰ በኋላ ብቻ ኖዱን የሚመዘግብ ኮድ ከዚህ ክብ አይወጣም።

መፍትሄው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፤ ጂዲቢም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስምና ዓይነት ብቻ ያለው ባዶ ዕቃ ፍጠሩ፣ ወዲያው ያነበባችኋቸውን ዓይነቶች በምትይዙበት ሠንጠረዥ ውስጥ አስገቡት፣ ከዚያ አባላቱን አንብቡ። የሠንጠረዡ ቁልፍ ከሴክሽኑ መጀመሪያ የተቆጠረው ርቀት ይሁን። ድዋርፍ ውስጥ ከዩኒቱ (የአንዱ ምንጭ ፋይል መረጃ ከያዘው ክፍል) መጀመሪያ የሚቆጠር «ሬፍ4» እና ከሴክሽኑ የሚቆጠር «ሬፍ_አድር» አሉ፤ ሁለቱን የሚያምታታ አንባቢ የማይመስል ዓይነት ያያይዛል።

የፖይንተርን መጠን ለማወቅ የሚጠቁመውን ዓይነት አትክፈቱ፤ መጠኑ ከዩኒቱ አናት ላይ ካለው የአድራሻ መጠን ይገኛል። የተበላሸ ፋይል ውስጥ ግን «ኮንስት» ወይም ታይፕዴፍ ራሱን ሊጠቁም ይችላል። ሰንሰለቱን ስትከተሉ ያለፋችሁበትን እያያችሁ ከተደገመ ስህተት አውጡ።

ባዶውን ስም በምታነቡበት ጊዜ ሳይሆን ሲፈለግ ፍቱት። ካላገኛችሁት «የለም» ብላችሁ ለዘለዓለም አትመዝግቡ፤ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ በ«ዲኤልኦፕን» የሚጭነው ላይብረሪ ፍቺውን ይዞ ሊመጣ ይችላል። በሲፕላስፕላስ አንዱ ፋይል «ክላስ» ብሎ ያወጀውን ሌላው «ስትራክት» ብሎ ሊፈታው ስለሚፈቀድ፣ ሁለቱን እንደ አንድ ቁጠሩ።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ከሁለት ፋይሎች የመጡ ተመሳሳይ ዓይነቶችን ማመሳከር ነው። ኖድን ከኖድ ስታነጻጽሩ በ«ኔክስት» በኩል ያው ንጽጽር ተመልሶ ይመጣል። እየተነጻጸሩ ያሉትን ጥንዶች መዝግቡ፤ አንድ ጥንድ ሳያልቅ ዳግም ከመጣ ለጊዜው እኩል ናቸው ብላችሁ ቀጥሉ። የትኛውም አባል ላይ ልዩነት ከተገኘ በዚያ ግምት ላይ የተገነባውን ሁሉ ጣሉ። የሊኑክስ ከርነል ሲገነባ ቢቲኤፍ ከሚባለው የዓይነት መረጃ ድግግሞሽን ለማስወገድ የሚሠራበት ዘዴ ከዚህ ጋር አንድ ሐሳብ ነው። ለመሞከር ሁለት ስትራክቶች እርስ በርሳቸው የሚጠቃቀሱበትን ምሳሌ በሁለት ፋይል ጻፉና በአንዱ ውስጥ የአንዱን አባል ዓይነት ቀይሩ፤ መሣሪያው አራቱንም ለየብቻ ካስቀመጠ ግምቱን በትክክል ጥሏል።