«ቡክራ (ነገ) እንፈርማለን» ሲሉህ

አቦ፣ ስንቴ ልናገር? ትናንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር ቡናዬን ሳልጨርስ ከዱባይ ተደወለ። የዚሁ የድሬ፣ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ነው። ሦስት ሳምንት ሠርቷል፣ ውል የለውም፣ «ጋሼ ምን ላድርግ?» ይለኛል። መደወልማ መጥረጊያውን ከመጨበጥ በፊት ነበር!

ዱባይ ዴራ ሰፈር አልጋ ተከራይታችሁ ሥራ ለምትፈልጉ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ። በቪዚት (በጉብኝት ቪዛ) ሆኖ መሥራት ክልክል ነው። መጀመሪያ ኦፈር ሌተር (ደሞዝህና ሥራህ የተጻፈበት የቅጥር ደብዳቤ) ትፈርማለህ፣ ቀጣሪው ከሌበር (ከሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ) ፈቃድ ያወጣል፣ ከዚያ ትሠራለህ። ታይፒንግ ሴንተር (ፎርም የሚሞላልህ ቢሮ) በአንዲት ፊደል ስህተት ሲያመላልሱህ ደምህ ይፈላል፤ ይፍላ፣ ተመላለስ።

እኔን የበላኝ ምግብ ቤት ነው። «ዛሬ እጅህን እንይ» አሉኝ፣ ዕቃ አጠብኩ። በማግስቱ ዩኒፎርም ሰጡኝ፤ ደረቱ ላይ ከኔ በፊት የነበረው ሰው ስም ተለጥፏል። «ያንተ ቡክራ ይመጣል» አሉ። ውሉም ቡክራ፣ ደሞዙም ቡክራ። የሰዓት መዝገቡ ላይም በዚያው ሰውዬ ስም አንጻር ነበር የምፈርመው። በ41ኛው ቀን ገንዘቤን ስጠይቅ ተቆጣጣሪው መዝገቡን ገልጦ «ስምህ የቱ ጋ ነው?» አለኝ። ሌበር ሄጄ እንዳልከስ ቪዚቴ አልፏል፣ ቅጣት እየቆጠረብኝ ነው (ዛሬ በቀን 50 ድርሃም ነው)። ድሬ የገባሁት እናቴ ሀብሏን ሸጣ በላከችው ትኬት ነው። እስከ ዛሬ አንገቷን ሳይ ዓይኔን እሰብራለሁ።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2024 የወጣው የኤምሬትስ የሥራ ሕግ ማሻሻያ ያለ ፈቃድ የሚያሠራን ቀጣሪ ከ100,000 እስከ 1,000,000 ድርሃም ያስቀጣል። ደስ አይበልህ፣ ቅጣቱ ኪስህ አይገባም፤ አንተን ደግሞ ዲፖርት ሊያደርጉህ ይችላሉ።

«ሙከራ ላይ ነህ» ካሉህ፣ ሙከራ እስከ 6 ወር ይፈቀዳል፤ ግን ከነደሞዙ፣ ከፈረምክ በኋላ። የቪዛና የቅጥር ወጪ የቀጣሪው ነው። ፓስፖርትህን «እናስቀምጥልህ» ካሉ እምቢ በል። ስትፈርም ደግሞ ጠቅላላውን ብቻ አትይ፣ ቤዚኩን (አበል ያልተጨመረበትን መነሻ ደሞዝ) እይ፤ ስትወጣ የሚከፈልህ የአገልግሎት ገንዘብ የሚሰላው በሱ ነው። የቤት ሠራተኞች ሕግ ለብቻው ስለሆነ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።

«የሀገር ልጅ ነው ያስገባኝ» አትበሉኝ። የሀገር ልጅም በጭንቅላት ኮሚሽን ይቀበላል።

የሳቢያኑን ልጅ ሳትፈርም ነገ እንዳትገባ አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና፣ «ጋሼ፣ ደሞዝ ቡክራ ነው ብለውኛል እኮ» አለኝ።