«ልጄን ምን አስያዘው?»፦ ስለ ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም መንስኤ ለሚነሱ ጥያቄዎች

ሐኪሙ «ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ነው» ካለበት ሰዓት አንሥቶ ወላጅ ያለፉትን ወራት መበርበር ይጀምራል፤ ከረሜላው ይሆን፣ ያ ድንጋጤ ይሆን፣ ወይስ ዘመድ እንደሚለው ዓይን በልቶት? ለራስዎም ሆነ ለቤተ ዘመድ መልስ ለመስጠት በቅድሚያ ሁለቱን የስኳር ሕመሞች ይለዩ። ከውፍረትና ከአኗኗር ጋር የሚያያዘው ዓይነት ሁለት ነው። ዓይነት አንድ ግን የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሥርዓት የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊን የሚያመርቱትን የቆሽት ሴሎች እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠፋቸው የሚመጣ ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው ምልክት ከመታየቱ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በፊት ስለሆነ፣ ባለፈው ሳምንት በተበላ ኬክ ማሳበብ አይቻልም። ክትባትም መንስኤው አይደለም።

«በዘራችን እኮ የለም» የሚለው ቅሬታ ተደጋግሞ ይሰማል። አብዛኞቹ ታማሚ ሕፃናት በሽታው ያለበት የቅርብ ዘመድ የላቸውም፤ በዘር የሚተላለፈው ተጋላጭነቱ ነው። በዓለም ላይ ሕመሙ በሕፃናት ላይ በብዛት የሚታየው በፊንላንድ ሲሆን፣ ከድንበሩ ማዶ በሩሲያ ካሬሊያ የሚኖሩ፣ በዘር እምብዛም የማይለዩ ሕፃናት ግን በስድስት እጥፍ ያህል ባነሰ መጠን ሲያዙ ታይቷል፤ ስለዚህ ዘር ብቻውን አይወስንም። አንዳንድ የአንጀት ቫይረሶች ይጠረጠራሉ፤ ሆኖም ብቻውን በሽታውን እንደሚያመጣ የተረጋገጠ አንድም ነገር የለም። «መንስኤውን አውቄዋለሁ፣ ከሥሩ እነቅለዋለሁ» ብሎ መድኃኒት የሚሸጥልዎትን ሰው አይመኑ።

ለወላጅ ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ጥያቄ «ወንድሙስ? እኅቱስ?» የሚለው ይመስለኛል። የታማሚ ልጅ ወንድም ወይም እኅት የመያዝ ዕድሉ ከመቶ 5 ያህል ነው። ውኃ ጥም ከበዛ፣ ሽንት ከተመላለሰ፣ አልጋ ላይ መሽናት ያቆመ ልጅ እንደገና ከጀመረ፣ ወይም እየበላ ከከሳ፣ በዚያው ቀን የደም ስኳሩን ያስለኩ፤ ከምልክቶቹ ጋር ልኬቱ 200 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ነው። ትውከት፣ የሆድ ሕመምና ጥልቅ፣ ፈጣን አተነፋፈስ ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት፤ ይህ ሁኔታ ከወባ ወይም ከታይፎይድ ጋር ሊምታታ ስለሚችል፣ ሌላ በሽታ ቢባሉም እንኳ የስኳር ምርመራ እንዲደረግለት አጥብቀው ይጠይቁ።

ጸበል የሚያስጠምቁ ወላጆችም ኢንሱሊኑን ለአንድ ቀን እንኳ ማቋረጥ የለባቸውም፤ ወደ ጸበሉ ሲሄዱ መድኃኒቱንም መለኪያውንም አብረው ይያዙ።